ሠርጉ አለፈ፣ ፕላስተሩ ቀረ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከ15 ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል።)

   

የዛሬው ወሬያችን ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም ሬዲዮውን አትዝጉት። የአጎታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን መኪና ለሠርግ አበባ ለጥፋችሁባት ታውቁ ይሆናል። ከሆነ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

(የሠርግ ዘፈን፣ የተከታተለ የመኪና ጥሩምባ። ቀስ እያለ ይጠፋል። ሁለት ሰከንድ ጸጥታ።)

ሰኞ ጠዋት ነው እንበል። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ መልስ ነበር። የሙሽራው መኪና ግቢ ውስጥ ቆማለች። አበባው ጠውልጓል፣ ሪባኑ አንድ ጎኑ ተበጥሶ መሬት ይጎተታል። ባለቤቱ ቡናማውን የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር በጥፍሩ ፈልቅቆ ሳብ ሲያደርገው ላዩ ላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ተቀዶ እጁ ላይ ይቀራል። ሙጫው ከኮፈኑ አልተነሣም። ሲነኩት ጣት ይይዛል፤ የመንገዱ አቧራ ስለ ጠጣው ደግሞ ጠርዙ ጠቁሯል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

አንዱ ዘመድ «ቤንዚን አምጡ!» ይላል። ሌላው «የሱ መድኃኒት ቲነር ነው» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ምላጭ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። ሁሉም ለመርዳት ነው የሚሮጡት። ግን ሦስቱም መኪናዋን ሊጎዷት ነው።

የዛሬውን ዋና ነገር ገና ከመነሻው ልንገራችሁ፤ ደጋግሜም እመለስበታለሁ። ሁለትና ሦስት ቀን የሰነበተ ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አያበላሽም። ቀለሙን የሚያበላሸው ሙጫውን በአንድ ጊዜ ለማስለቀቅ የምናደርገው ትግል ነው። ስለዚህ ከለስላሳው እንጀምራለን። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ካልሆነ የምግብ ዘይት፣ እሱም ካቃተው አልኮል። ውሃ፣ ዘይት፣ አልኮል። ይችን ቅደም ተከተል ያዙልኝ።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ላይ ነው። ያኔ ለእህቴ ሠርግ ከአባቴ ወዳጅ አንዲት ሰማያዊ ዲኤክስ መኪና ተውሰን ነበር። የሰው አደራ ናትና አጽድቼ ልመልሳት ብዬ ሰኞ ማለዳ ተነሣሁ። ከጎረቤት በጣሳ ቲነር ለመንኩ፣ ነጭ ጨርቅ ነክሬ ኮፈኑ ላይ ያለውን ሙጫ አሸት አሸት አደረግሁት። ለቀቀ! ደስ አለኝ። ወደ ግራው ፓራፋንጎ ዞርኩ። እዚያም ለቀቀ። ጨርቁን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ግን ሰማያዊ ሆኗል። ደንግጬ ያሸሁበትን ቦታ በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ የጣቴ አሻራ እንደ ማኅተም ቀለሙ ላይ ታትሞ ቀረ።

መኪናዋን ይዤ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በአንድ ጣሳ ቲነር ነው ሁለቱንም ያሸሁት። ኮፈኑን ምንም ሳይለው ይሄኛውን እንዴት በላው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ኮፈኑ የፋብሪካ ቀለም ነው። ይሄኛው ተጋጭቶ ጋራዥ የተቀባ ነው» አሉኝ። «ሲረጭ በቲነር ተበጥብጦ ነው የተረጨው። ዛሬ መልሰህ ቲነር ስትሰጠው ተመልሶ ይፈታል። ምን ያድርግ?»

አድማጮቼ፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መኪና ስነካ ይህ የጋሼ አነጋገር ይመጣብኛል። እስቲ እናብራራው።

የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት ተጋግሮ የሚጠነክር ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚቆላለፉ አንዴ ከደረቀ በኋላ በቀላሉ አይሟሟም። ጋራዥ የሚቀባውም ቢሆን ማጠንከሪያ ተጨምሮበት ከተረጨና በደንብ ከደረቀ ጠንካራ ነው። ያለ ማጠንከሪያ በቲነር ብቻ ቀጥኖ የተረጨ ቀለም ግን የሚደርቀው ቲነሩ ስለ ተነነ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላም ቲነር ካገኘ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እኛ አገር ደግሞ አንዲት መኪና ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቀብታ ሊሆን ይችላል፤ በሩ አንድ ዓይነት፣ ኮፈኑ ሌላ ዓይነት። በዓይን ግን አይለይም።

ውፍረቱንስ ታውቁታላችሁ? ቤታችሁ ያለውን አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት በሁለት ጣት ያዙት። ከላሜራው በላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም በሙሉ፣ የሥረኛው፣ መካከለኛውና ላይኛው ተደምሮ፣ ከዚያች ወረቀት ብዙም አይወፍርም። በዘመናዊዎቹ መኪኖች ላይ የሚያብለጨልጨው ግልጽ የላይ ሽፋን ብቻውን ሲታይ ደግሞ የወረቀቷን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። መኪናዋን ከፀሐይ የሚጠብቃት ይህ ስስ ሽፋን ነው። በምላጭ የሚፋቀው፣ በድስት ሽቦ የሚፈተገው እሱ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፣ 10 ሰከንድ)

አሁን ትንሽ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ከጉዳያችን አንወጣም። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሐሳብ የተወለደው የት ይመስላችኋል? ጽሕፈት ቤት? ሆስፒታል?

የተወለደው መኪና ቀለም ቤት ነው። በ1920ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቀለም ያላት መኪና ፋሽን ሆና ነበር። ቀቢዎቹ አንዱን ቀለም ሲረጩ ሌላውን በወረቀት መሸፈን ነበረባቸው። ወረቀቱን የሚያጣብቁበት ሙጫ ግን እጅግ ኃይለኛ ነበርና ሲያነሡት አዲሱን ቀለም ገሽልጦ ይመጣል። በሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዛሬ 3ኤም ተብሎ በሚታወቀው ኩባንያ የሚሠራ ሪቻርድ ድሩ የተባለ ወጣት፣ የኩባንያውን የብርጭቆ ወረቀት ሊያስሞክር ወደ አንድ ቀለም ቤት ጎራ ሲል ይህን ብሶት ሰማ። ሥራዬ ብሎ ያዘውና በ1925 ከቀለም ላይ ሳይጎዳ የሚነሣውን የወረቀት ፕላስተር ሠራ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ እኛ ስኮች የምንለውን ብርሃን አሳላፊውን ፕላስተርም ያመጣው ይኸው ሰው ነው።

ይህን ያነሣሁት ወድጄ አይደለም። ያ የወረቀት ፕላስተር የተሠራው የመኪና ቀለም እንዳይጎዳ ነው። ተጣብቆ እንዲይዝ፣ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እንዲነሣ ነው። ታዲያ የኛ ለምን እንቢ ይላል?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው የምንጠቀመው ፕላስተር ነው። ቡናማው የካርቶን ፕላስተር ካርቶን ይዞ አገር እንዲያቋርጥ የተሠራ ነው፤ መነሣቱ ማንንም አላሳሰበም። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጎንደርም ደሴም ደጋ ላይ ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ኮፈን ደግሞ በቀትር ይግላል። ሙጫው መጀመሪያ በሙቀቱ ለስልሶ እያንዳንዷ ስንጥቅ ውስጥ ይፈሳል፤ ከዚያ ጨረሩ እየሠራበት ይሄድና ይደርቃል፣ ላዩ ያለው ፕላስቲክም ይሰባበራል። የሠርጉ ዕለት ማታ ቢሆን በአንድ ስበት ይነሣ የነበረው ከሳምንት በኋላ ግማሽ ቀን ያስፈጋል።

(አጭር ዝምታ)

እንግዲህ ወደ ሥራው። እጅጌያችሁን ሰብስቡ።

መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቁሟት። ገላዋ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ እጠቧት። «ሙጫ ላስለቅቅ ነው እንጂ ላጥባት መቼ አሰብኩ» ትሉኝ ይሆናል። አቧራ እኮ ቀርባችሁ ብታዩት የድንጋይ ፍርፋሪ ነው። ሳይታጠብ ካሻችሁት ጨርቃችሁን ወደ ብርጭቆ ወረቀት ለወጣችሁት ማለት ነው። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ በአንዱ ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውሃ፣ በሌላው ጨርቁን የምታለቀልቁበት ንጹሕ ውሃ። የዱቄት ሳሙና ተዉት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ይኖረዋል።

(የውሃ መንቆርቆር ድምፅ)

አሁን ሙቀት እንስጠው። የፀጉር ማድረቂያ ካለ ከአንድ ስንዝር ርቀት ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ አንድ ቦታ ሳይቆሙ፣ ማሞቅ ነው። መብራት ከጠፋ ወይም ማድረቂያው ከሌለ አትቸገሩ። ውሃ አፍሉና ቀዝቃዛ ጨምሩበት፣ ፎጣ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉ፣ ፕላስተሩ ላይ አልብሱት። ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይ። ሲበርድ ድገሙት። ልኩ ምን ያህል ነው? እጃችሁ ችሎ የሚቆይበት ሙቀት ነው። እጃችሁ ያልቻለውን ቀለሙም አይችለውም በሉ፤ በተለይ ጋራዥ የተቀባውን።

ሙጫው ሲሞቅ ይለሰልሳል። ያኔ የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍር አንሡና፣ እዚህ ላይ አደራ፣ ወደ ላይ አትንጠቁት። ወደ ኋላ እጥፍ አድርጋችሁ፣ በራሱ ጀርባ ላይ እንደሚጋደም አድርጋችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ቀስ ሲባል ሙጫው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የመምጣት ዕድሉ ይሰፋል። ሲነጠቅ ነው ፕላስቲኩ እየተገነጠለ ሙጫው የሚቀረው። የደጋ ማለዳ ብርድ ላይ ይህን አትሞክሩ፤ የበረደ ፕላስተር ይሰባበራል። ረፋዱን ጠብቁ።

ጥፍር አልችል ያለ እንደሆነስ? ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጠርዙ ገፋ ገፋ ማድረግ ትችላላችሁ። ቢላ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም አይሆንም።

ፕላስቲኩ ተነሥቶ ሙጫው ብቻ ከቀረ አንድ ብልሃት አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። አዲስ ፕላስተር ቁረጡ፣ የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ሁለት ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉት። ሙጫው ላይ ጫን አድርጋችሁ ብድግ፣ ጫን ብድግ። ሙጫ ሙጫን ይወዳል። ብዙው እየተለቀመ ይመጣል፤ ቀለሙ ላይም ምንም መፋቅ የለም።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

ሁሉም በዚህ አይለቅም። ዘይት የሚመጣው አሁን ነው።

ልጅ ማስቲካ ፀጉሯ ላይ ሲለጠፍባት እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? ዘይት ወይም ቅቤ ይቀቧታል፤ ማስቲካው ይንሸራተታል። የብዙ ፕላስተር ሙጫም የጎማ ዘር ነውና ዘይት ይስማማዋል። ዘይቱ በሙጫው ሰንሰለቶች መካከል ሰርጎ ይገባና ያሳብጠዋል፤ ሲያብጥ ከቀለሙ ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ዘይት ይቀባና ወዲያው ያሸዋል፣ ከዚያ «ዘይት አይሠራም» ይላል።

ማንኛውም የምግብ ዘይት ይሆናል። ጥጥ ወይም ለስላሳ ጨርቅ በዘይት ነክራችሁ ሙጫው ላይ አስተኙትና ሂዱ። ሻይ ጠጡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ስጡት። ስትመለሱ በአውራ ጣታችሁ ስትገፉት እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይነሣል። በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። የቀረ ካለ ዘይቱን ድገሙለት፤ ጉልበታችሁን አትጨምሩበት።

ዘይቱ ወደ ጎማውና ወደ ፍሬኑ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። የፊት መስተዋቱንም አታስነኩት፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ያደበዝዝባችኋል።

ቀጥሎ አልኮል። ዘይት የማይበግረው ሙጫ አለ፤ ስኮቹና ባለሁለት ፊቱ ፕላስተር ብዙ ጊዜ ከሌላ ዘር ነው። ለዚህ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ይጠቅማል። ጨርቁን አርጥቡ፤ መኪናዋ ላይ አታፍስሱት። ሙጫው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፋችሁ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ። የእጅ ማጽጃው ጄልም ያው አልኮል ነው፤ ስለሚወፍር እንደ በር ባለ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሳይወርድ ይቆይላችኋል። አልኮል ይቀጣጠላል፤ ከእሳት ራቁ።

ግን፣ ግን! አልኮል ከመንካቱ በፊት ሙከራ። የት ነው የሚሞከረው? ብዙ ሰው የነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ሞክሩ ይላል። ምክሩ ለፋብሪካ መኪና ጥሩ ነው። ለኛዎቹ ግን አይበቃም። የሰማያዊዋን ዲኤክስ ታሪክ አስታውሱ፤ አንዱ አካል የፋብሪካ፣ ሌላው የጋራዥ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙጫው ያለበት ያው ክፍል ላይ፣ ኮፈን ከሆነ ኮፈኑ ላይ፣ በር ከሆነ በሩ ላይ፣ ዝቅ ብሎ የማይታይ ጠርዝ መርጣችሁ ሞክሩ። ነጭ ጨርቅ ያዙ። ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ካመጣ ወይም ቦታው ከደበዘዘ አቁሙ፣ በውሃ እጠቡት፣ ወደ ዘይቱ ተመለሱ። በቅርብ ጊዜ የተቀባች መኪና ከሆነች ደግሞ ለአልኮል ገና ናት፤ ቀለሙ በደንብ ሳይጠነክር ዘይትና ሞቅ ያለ ውሃ ብቻ ይበቃታል።

እስቲ አብረን እንድገመው። መጀመሪያ ምን? ሞቅ ያለ ውሃ። ቀጥሎ? ዘይት፣ ከነጊዜው። መጨረሻ? አልኮል፣ ተሞክሮ።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፣ 10 ሰከንድ)

ስለ ቤንዚን ሳልናገር ብሄድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ሙጫውን ያስለቅቃል ወይ? አዎ፣ ያስለቅቃል። ግን ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይወጣዋል። ተኑ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። የሠርግ ማግስት ግቢን አስቡት። አንድ ጥግ ላይ ከሰል ተያይዟል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። እዚያ መሐል ክፍት ጣሳ ቤንዚን አስቀምጦ መኪና ማሸት ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ሽታውም ቢሆን ዝም ብሎ ሽታ አይደለም፤ ካንሰር ከሚያመጡት የሚመደብ ኬሚካል አለበት። በባዶ እጅ የሚነከር ነገር አይደለም።

ቲነርና አሴቶንን ተዉአቸው። ጋራዥ የተቀባ ቀለምን ምን እንደሚያደርጉት ነግሬያችኋለሁ። የፊት መብራቱን ፕላስቲክ ደግሞ ያጨልሙታል፣ ሰንጣቃ ያወጡበታል። የጥርስ ሳሙና የሚመክሩም አሉ፤ ውስጡ የሚፍቅ ዱቄት አለበት፣ የሚያብለጨልጨውን ሽፋን ያደበዝዛል።

«ነጭ ጋዝስ?» የሚል አይጠፋም። ከቤንዚን በእጅጉ ይሻላል፣ ሙጫም ያለሰልሳል። ውሃ፣ ዘይትና አልኮል ከተሞከሩ በኋላ፣ በትንሹ፣ በጨርቅ ጫፍ፣ ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት፣ ያው የጠርዙ ሙከራ ተደርጎ ከሆነ አልከለክልም። ወዲያው በሳሙና መታጠብ አለበት።

(አጭር ዝምታ)

ጨረስን? ገና። ዘይቱን በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ አውጡ፤ ካልታጠበ በማግስቱ የመንደሩን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከዚያ አንድ ፌስታል አምጡ። አዎ፣ ፌስታል። እጃችሁን አስገቡበትና ያጸዳችሁትን ቦታ በጣቶቻችሁ ጫፍ በእርጋታ ዳብሱት። ባዶ እጅ ያላገኘውን ሸካራ ነገር በስሱ ፌስታል ውስጥ ሆኖ ጣት ያገኘዋል። ለስልሶ ከሄደላችሁ ሙጫው ወጥቷል። ቆረቆር ካለ የቀረ አለ፤ ዘይት ለብቻው ጠብ አድርጉለት።

የመጨረሻው ሰም ነው። ሳሙናውም አልኮሉም መኪናዋ ላይ የነበረውን ሰም አጥበው ወስደዋል፤ ያ ቦታ ራቁቱን ነው። የመኪና ሰም በስሱ ቀብታችሁ ሲደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ወልውሉት።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎ ቦታው አሁንም ይታያል። ፌስታሉ «ለስላሳ ነው» ይላል፣ ዓይን ግን የፕላስተሩን ቅርጽ ያያል። ይህ በተለይ ዓመታት የቆየ የድርጅት ምልክት ወይም ታክሲ ላይ የሚለጠፍ ጥቅስ ሲነሣ ያጋጥማል። የምታዩት ሙጫ አይደለም። ዙሪያው በፀሐይ ሲደበዝዝ ከሥሩ ያለው ቀለም ተሸፍኖ የቆየ ነው፤ ማለትም ያ ቅርጽ የመኪናዋ የቀድሞ መልክ ነው። ቢያሹት አይጠፋም፤ ቢፍቁት ይብሳል። ጥሩ ባለሙያ ዙሪያውን በፖሊሽ ሊያቀራርበው ይችላል።

ስለ ቦሎም ላንሣ፣ መቼም ሳይጠየቅ አይቀርም። ያለፈው ዓመት ቦሎ የተለጠፈው መስተዋት ላይ ነው። መስተዋት ከቀለም እጅግ ይጠነክራልና በሳሙና ውሃ አርጥቦ ምላጭን ጋደም አድርጎ መፋቅ ይቻላል። ብዙ ሰው ምላጭን ቀለም ላይ የሚሞክረው ቦሎ ላይ ሲሠራለት ስላየ ይመስለኛል። መስተዋትና ቀለም አንድ አይደሉም። የኋላው መስተዋት ላይ በረድፍ የተሠመሩ ቀጫጭን የማሞቂያ መስመሮች ካሉ ደግሞ እዚያም ምላጭ አይነካም።

(የሠርጉ ዘፈን በጣም ዝቅ ብሎ ይመለሳል)

የምትሰናዱ ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ መኪና የምታስውቡ ወገኖች፣ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። ሪባኑን በበር እጀታና በኮፈኑ ጠርዝ አሳልፋችሁ ማሰር ይቻላል። አበባውንም ከቀለሙ ጋር ሳይሆን ከሪባኑ ጋር አያይዙት። ፕላስተር የግድ ከሆነ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀቱን ፕላስተር ግዙ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ለዚሁ ለመኪና ቀለም ተብሎ የተሠራ ነው። የመኪናው ባለቤት በቅርቡ አስቀብቶ እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ለሚዜዎች ደግሞ ልዩ አደራ አለኝ። የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹን አድርሳችሁ ስትመለሱ፣ ድካም እንዳለባችሁ አውቃለሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡኝ። ኮፈኑ ከጉዞው ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ፕላስተሩም ገና ብዙ ፀሐይ አላገኘውም። ጫፉን አንሡ፣ ወደ ኋላ አጥፉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ማታውኑ አንሡት።



(ዘፈኑ ከፍ ይላል። መዝጊያ።)